በያጁ አማቼና የኦክስጅኑ በርሜል

አማቼ በያጅ ነው። ነበር ልበል ይሆን? እስቲ እስከ መጨረሻው ስሙኝና እናንተው ፍረዱ።

እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ አውቶቡስ ላይ ትኬት ስቆርጥ የኖርኩ ሴት ነኝ። ድምፄ ከሞተሩ በላይ ነበር፤ ዛሬም ተንሾካሹኬ ያወራሁትን ጎረቤት ይሰማዋል። ስለዚህ ልጄ "ይህን ሰው ላገባ ነው" ያለችኝ ቀን፣ አልስማማም ማለቴን ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል። ልጁ ምንም አላጠፋም። ዝምታው ነው ያላማረኝ። የግቢያችንን በር ማጠፊያ ሊበይድልን መጣ፤ በይዶ ሄደ፤ ከዚያ ደግሞ "ይዞ እንደሆነ ልየው" እያለ ይመላለስ ጀመር። በሩማ በመጀመሪያው ቀን ይዟል! ሊያያት የሚመጣው ልጄን ነበር። ሲመጣ አይናገር፣ ሲሄድ አይናገር። "ይሄ ሰውዬ አንደበቱንም በይዶታል መሰለኝ" አልኳት። ሳቀችና አገባችው።

አጎቱ ጋራዥ ውስጥ ብረት እያቀበለ ያደገ ሰው ነው። ኋላ ከአንድ ባልደረባው ጋር ተሻርከው የራሳቸውን ብየዳ ቤት ከፈቱ። በርና መስኮት ይሠራሉ፤ ዋናው መተዳደሪያቸው ግን ታንከር ነው። የውሃ ወይም የነዳጅ ታንከር ሲቀደድ ውስጡ ገብቶ መበየድ አለ፤ ይህን ሁሉም በያጅ አይደፍረውም። አማቼ ይገባል። ሲወጣ ከላይ እስከ ታች ጠቁሮ ጥርሱ ብቻ ነው የሚታየው። ልጄ እንዲያ ሆኖ ቤት ሲመጣ ታየውና እስኪያማት ትስቃለች።

አምና የአንድ መጋዘን ጣሪያ ሲሠራ መሰላሉ ከዳው። ጭንቅላቱ ሲሚንቶው ላይ አረፈ። ራሱን ሳያውቅ ሳምንታት ተኛ። እኔም ያ ሁሉ ተቃውሞዬ የት እንደገባ እንጃ፣ "እሱን ብቻ አትርፍልኝ፣ ዝምታውን እችለዋለሁ" እያልኩ ፈጣሪዬን ስለማመጥ ከረምኩ። ተረፈ። ዓይኑን ገለጠ፣ ስማችንን ጠራ፣ በእግሩ ሄደ። እሰይ አልን! እንዲያውም ከበፊቱ ይልቅ ያወራል። እኔማ "መውደቁ በጀው" ብዬ ቀልጃለሁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የተባለው ለካ ለኔ ነው።

ሥራ በጀመረ በሳምንቱ፣ ሸሪኩ ጠዋት ብየዳ ቤቱን ሲከፍት የጋዝ ሽታ አፍንጫውን መታው። ሲሊንደሩ ክፍት አድሯል። አንድ ሰው ሲጋራ ይዞ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ያ ቤት ዛሬ የለም። ሸሪኩ እያለከለከ ቤታችን መጣ። አማቼ ፊቱ እንኳ ሳይለወጥ "ዘግቼዋለሁ" አለው።

"ክፍት ነበር እኮ! በእጄ ነው የዘጋሁት!"

"ዘግቼዋለሁ አልኩህ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው! ሌላ ሰው ከፍቶት ይሆናል።"

ቢዋሽ ይሻል ነበር። ውሸታምን እንኳ ትቆጣዋለህ፣ ታሳፍረዋለህ። እሱ ግን ከልቡ ነው የሚምለው። ደግሞ ረሳ፤ ደግሞ ማለ። ቤትም ያው ነው፤ የምድጃውን ጋዝ ከፍቶ ሳይለኩሰው ይወጣል። ልጄ ስትነግረው "ራስሽ ከፍተሽ በኔ ታላክኪያለሽ" ብሎ ይጮህባታል። ያ ዝምተኛ ሰውዬ! ልጄ እንቅልፍ አጣች። ምድጃውን ሳታይ መተኛት አትችልም፤ ከተኛችም በኋላ ተነስታ ታያለች።

በመጨረሻ ሸሪኩ መጣና በራችን ላይ ቆመ። ኮፍያውን በእጁ እያዟዟረ "ወንድሜ ነው" አለ። "ግን እዚያ ውስጥ ሌሎች ሰዎችም ይሠራሉ፣ እነሱም ልጆች አሏቸው። አንድ ሥራ ጀምሮ፣ ጨርሶ፣ ሲሊንደሩን ራሱ ዘግቶ እስኪያሳየኝ ድረስ እሳት አላስይዘውም።" ደሜ ፈላ። አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ ነገርኩት። እሱ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና ሄደ። እውነቱን እንደሆነ ግን አውቄው ነበር።

ከዚያ በኋላ አማቼ በር ላይ ተቀምጦ ይውል ጀመር። ከሩቅ የብረት ድምፅ በሰማ ቁጥር አንገቱ ወደዚያ ይዞራል። አንጀቴን በላው። ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለማ! ወደ ብየዳው ካልተመለሰ ይህ ሰው ምን ሆኖ ሊኖር ነው?

አንድ የአንጎል ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ወጣት ነው፣ ቀጭን፣ ሲናገር ብዕሩን ይነካካል። ቁጥር ወደ ኋላ ያስቆጥረዋል፣ ቃላት ነግሮት ቆይቶ ይጠይቀዋል። "ችግሩ መርሳቱ ብቻ አይደለም" አለን። "መርሳቱን አያውቀውም። ሰው የራሱን ስህተት የሚያይበት የአንጎል ክፍል አለ፤ የሱ እዚያ ላይ ተጎድቷል።" ከዚያ ስለ አንድ ሕክምና ነገረን። ሰውየው ዝግ ነገር ውስጥ ይተኛል፤ የአየሩ ግፊት ከፍ ይደረግለታል፤ ንጹሕ ኦክስጅን ይስባል። ኦክስጅኑ ከወትሮው በላይ ደሙ ውስጥ ይገባና የደከመውን የአንጎል ክፍል ያነቃቃው ይሆናል አለ።

"ይሆናል?" አልኩት።

"ይሆናል፣ እናቴ። አንዳንዱ ይሻለዋል፣ አንዳንዱ እንዳለ ይቀራል። የተሻለውም ሰው ከኦክስጅኑ ይሁን ወይስ በየቀኑ ሰው ሲንከባከበው ስለከረመ ገና አልተጣራም። ቃል አልገባላችሁም።"

"ታዲያ አንተ ለምንህ ነው እዚህ የተቀመጥከው?" ልለው አፌን ስከፍት ልጄ እግሬን ረገጠችኝ።

እሷ ሥራ አላት፤ እኔ ጡረተኛ ነኝ። ለሁለት ወር ያህል ከቅዳሜና ከእሁድ በቀር በየቀኑ እሱን ይዞ መመላለስ የኔ ዕጣ ሆነ። አማትና አማች ጎን ለጎን ታክሲ ውስጥ! ሲመሽ ልጄ "ተስማማችሁ?" ብላ ትጠይቀኛለች። "እሱ መስኮት ያያል፣ እኔ ሾፌሩን እመክራለሁ" እላታለሁ።

በመጀመሪያው ቀን ጉድ ሆንኩ። ጠባሳው ደርቆ ቢያሳዝነኝ ጠዋት ጭንቅላቱን ጥሩ አድርጌ ቅባት ቀብቼዋለሁ፤ ፀጉሩ ያብረቀርቃል። ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው ቴክኒሺያን ሰዓቱን አስወለቀችው፣ ኪሱን አስራገፈችው፣ የጥጥ ልብስ ሰጠችው። "ቅባት፣ ሽቶ፣ የተቀቡት ነገር አለ?" ስትለው አማቼ ጣቱን ወደኔ ቀሰረ። "እሳቸው ቀብተውኛል። ቅባትና ኦክስጅን አብሮ አይሆንም፣ ይነዳል ብያቸው ነበር።" እውነት ብሎኝ ነበር! ሲቃዥ መስሎኝ "ዝም ብለህ ተቀባ" ያልኩት እኔው ነኝ። የማታ ራቱን የማያስታውስ ሰው ይህን አልረሳም። ታጥቦ ተመለሰ። ያቺ ልጅ ግን ከዚያ ወዲህ እኔን ባየች ቁጥር መጀመሪያ የምታየው እጄን ነው።

ማሽኑ እንግዲህ ስሙን የፈለጉትን ይበሉት፣ በርሜል ነው። ነጭ ቀለም የተቀባ ትልቅ የብረት በርሜል፤ ውስጡ ጠባብ አልጋ አለው፣ በጎኑ ክብ መስኮት። አማቼ ተኛ፣ በሩ ተዘጋ፣ አየሩ እየፏጨ ገባ። ልጅቷ በድምፅ ማጉያ "ጆሮዎን ከጫነዎት አፍንጫዎን ይዘው እፍ ይበሉ" ትለዋለች፤ እሱም እፍ ይላል። ደህና ነበር። ትንሽ ቆይቶ ዓይኑ ወዲያ ወዲህ ይል ጀመር። ከዚያ በቡጢው ግድግዳውን ዷ፣ ዷ፣ ዷ አደረገው። ቆም አለና ደግሞ ሦስት ጊዜ። ልጅቷ "አለሁ፣ እየሰማሁዎት ነው" ብትለው ጭራሽ ባሰበት። ግፊቱን ቀስ በቀስ አውርዳ አወጣችው። ላብ አጥምቆታል።

"ትቶኝ ሄደ" ይላል።

"ማን ነው የሄደው?"

"ውጭ ያለው ሰው።"

ልጅቷ ወደ ጎን ጠራችኝና በለሆሳስ "እንዲህ የሚጨነቅ ሰው ለዚህ ሕክምና አይመችም። ነገም ካልቻሉ እንተወዋለን" አለችኝ። በእጃችን የቀረችው ተስፋ ይህችው ሕክምና ነበረች።

እሱን ቤት አድርሼ በቀጥታ ወደ ብየዳ ቤቱ ሄድኩ። ከሸሪኩ ጋር ከተኳረፍን ሰንብተናል፤ ስለዚህ ሰላምታም አልሰጠሁት። "ግድግዳ ሦስት ጊዜ መደብደብ ምን ማለት ነው?" አልኩት።

መዶሻውን አስቀመጠ። "የት ሰሙት?"

ነገርኩት። በርጩማ ስቦ አስቀመጠኝና አስረዳኝ። ሰው ታንከር ውስጥ ሲገባ፣ በታንከሩ አፍ ላይ አንድ ጠባቂ ይቀመጣል። ያ ጠባቂ እናቱ ብትጠራው እንኳ አይነሳም። በየመሀሉ ብረቱን አንድ ጊዜ ያንኳኳል፤ ውስጥ ያለው ሁለት ጊዜ ይመልሳል። ደህና ነኝ ማለቱ ነው። ሦስት ከሆነ አውጡኝ ነው። "ከውጭ ሳይንኳኳልህ ከቆየ ግን" አለ ሸሪኩ፣ "ጠባቂህ ጥሎህ ሄዷል። በያጅ ታንከር ውስጥ የሚሞተው ያኔ ነው።"

"ድምፅ ማጉያ አለ እኮ። እያናገረችው ነበር።"

"ድምፅ ከሩቅም ይመጣል፣ እማማ። የሚያንኳኳ ሰው ግን አጠገብ ነው ያለው።"

በማግሥቱ ለቴክኒሺያኗ ነገሩን አስረዳኋት። "ማሽን አይንኳኳም" አለችኝ። "የኔ ልጅ፣ መዶሻ ይዤ አልመጣሁም፣ በጣቴ ነው" አልኳት። አለቃዋን ጠይቃ መጣች፤ በጣት ከሆነ ግድ የለም ተባለ። ወንበሬን ከበርሜሉ አስጠግቼ ተቀመጥኩ። አየሩ ገባ። ዓይኑ እንደ ትናንቱ መንከራተት ጀመረ። በጣቴ አንጓ አንድ ጊዜ ኳ አደረግሁት። ዓይኑ ቆመ። ጠበቅሁ። ከውስጥ ቀስ ብሎ ኳ፣ ኳ አለልኝ። ይኸው ነው፤ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። አውቶቡስ ሙሉ ሰው ስሰድብ የኖርኩ ሴት፣ በርሜል አንኳኩቼ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ ያው ሆነ። ሌሎች አስታማሚዎች መጽሔት ያገላብጣሉ፣ ያንቀላፋሉ፤ እኔ አንኳኳለሁ። ሽንት ቤት ስሄድ እንኳ ቴክኒሺያኗን ወንበሬ ላይ አስቀምጬ ነው። መጀመሪያ ትስቅብኝ ነበር፤ ኋላ ራሷ "ይሂዱ፣ እኔ አለሁለት" ትለኝ ጀመር። ወንበሬ ላይ ሌላ ሰው ከተቀመጠ ግን ጉዱን ያያል!

ሳምንት መጣ ሳምንት ሄደ፣ ለውጥ የለም። ምድጃው ያው፣ ጭቅጭቁ ያው። ጠዋት ታክሲ ውስጥ በገባን ቁጥር "የት ነው የምንሄደው?" ይለኛል፤ "ሕክምና" እለዋለሁ። አንድ ቀን ይህንኑ ጠይቆኝ፣ መልሼለት፣ ትንሽ ከሄድን በኋላ ከመስኮቱ ዞር አለ።

"እማማ፣ ይህን ትናንትም ጠይቄዎት ነበር እንዴ?"

"በየቀኑ ነው የምትጠይቀኝ" አልኩት፣ ሳላስበው።

"በየቀኑ?" አለ። ዓይኑ በእንባ ሞላ። "ሌላስ ምን እረሳለሁ?"

ምን ልበለው? ምድጃውን ነገርኩት፣ ሲሊንደሩን ነገርኩት። አልማለም፤ ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሐዘን ገባበት። ምግብ ይገፋል፤ ልጄን እያየ አንገቱን ይደፋል። እኔ ሐኪሙ ላይ ሄጄ ጮህኩበት። "ታክሙታላችሁ ብለን ጭራሽ አስለቀሳችሁት!" እሱ ግን ብዕሩን አስቀመጠና "መርሳቱን ማየት ጀመረ ማለት ነው" አለኝ። "ያማል፣ አውቃለሁ። ግን ከዚህ የተሻለ ዜና አልነበረኝም።"

ሁለቱ ወር ሲያልቅ እንደገና ፈተነው። ቁጥሩን ወደ ኋላ ሲቆጥር ተሻሽሏል፤ ቃላቱ ግን አሁንም ይጠፉበታል። "ከኦክስጅኑ ነው?" አልኩት። "እርግጠኛ ሆኜ አልናገርም።" "ከማንኳኳቴ ነው?" ሳቀ። "እሱንም እርግጠኛ ሆኜ አልናገርም፣ እናቴ።" ይህ ልጅ አንድ ቀን እንኳ እርግጠኛ ሳይሆን ሊያረጅ ነው መሰለኝ። ቢሆንም ወደድኩት።

ሸሪኩ ቃሉን ጠበቀ። "ቅዳሜ ይምጣና ይሥራ" አለ። ልጄ "እኔ ቆሜ ማየት አልችልም፣ አንቺ ሂጂለት" ብላ ቤት ቀረች። እኔና እሱ ሄድን።

ሥራው ትንሽ ነው፤ የተሰበረ የውሃ ቧንቧ መጋጠሚያ። ሠራተኞቹ ሥራቸውን የሚሠሩ መስለው ሁሉም ያዩታል። አማቼ ብረቱን ሞርሳው፣ የብረት መቆንጠጫው ላይ አሰረ፣ መነጽሩን አደረገ፣ ጋዙን ከፈተ፣ ለኮሰ፣ ኦክስጅኑን ጨመረ። እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ ቀጠነ። ከዚያ እጁን ብታዩት! አይንቀጠቀጥ፣ አይቸኩል። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳም ይሉ የለ፣ እጁ ምንም የረሳው ነገር የለም። ሲጨርስ ሸሪኩ ቧንቧውን በመያዣ አንስቶ በሩ ላይ ወዳለው ብርሃን ወሰደው። ሠራተኞቹ ተከትለው ከበቡት። "ኧረ ይህ ሰው ምንም አልሆነም!" ይላል አንዱ። ልቤ በደስታ ሊፈነዳ።

አማቼ እሳቱን ከቱቦው ጫፍ ላይ አጠፋ፣ ቱቦውን ሰቀለ፣ ጓንቱን አወለቀ፣ ወደነሱ መሄድ ጀመረ። ሲሊንደሩን አየሁት። መዝጊያው አልተነካም።

ማንም ወደኛ አያይም፤ ሁሉም ጀርባውን ሰጥቷል። እኔ ሲሊንደሩ አጠገብ ነኝ። እጄን ብዘረጋ እደርስበታለሁ። ትንሽ ማዞር ነው፣ ያልቃል፣ ሰውዬው ሥራውን ያገኛል። እጄ ተነስቶም ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

እሱ መንገድ ላይ ቆመ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ትንሽ ቆየና ዞረ። ሲሊንደሩን አየ፣ እኔን አየ።

"እማማ" አለኝ ቀስ ብሎ፣ "ዘግቼዋለሁ?"

ዓመት ሙሉ ሲምልበት የኖረውን ነው እኔን የሚጠይቀኝ። አዎ ብለው ደስ ይለዋል፤ ከኋላው እኔ እዘጋዋለሁ። ነገ ግን እኔ አጠገቡ አልኖርም።

"አልዘጋህም፣ ልጄ" አልኩት።

ተመልሶ መጣና ዘጋው። ጠበቅ አድርጎ ዘጋው። ተመስገን፣ አለቀ፣ ማንም አላየ ብዬ ተነፈስኩ። እሱ ግን ቀጥ ብሎ ሸሪኩ ዘንድ ሄደና "ሲሊንደሩን ረስቼው ነበር" አለው። "እሳቸውን ጠይቄ ነው የዘጋሁት።"

"አንተ ሰውዬ!" አልኩ፣ በአውቶቡሱ ድምፄ። "ማን ጠየቀህ?"

ሠራተኞቹ ሳቁ። ሸሪኩ አልሳቀም። አማቼ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ "ብቻዬን እሳት አታስይዘኝ" አለው። "አጠገቤ ሰው ካለ እሠራለሁ። ከሌለ ብረት እለካለሁ፣ እቆርጣለሁ። ታንከር ግን አልገባም።" ታንከር አልገባም ሲል ድምፁ ተሰበረ። ሸሪኩ ቧንቧውን አስቀምጦ "ሰኞ በጠዋት ና" አለው። "መዝጊያው በኔ ነው።" ከዚያ ሁለቱም ስለ ቧንቧው ማውራት ጀመሩ። እኔ እዚያው ትቻቸው ወደ ቤት ሄድኩ።

ልጄ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። "ዘጋው?" አለችኝ፣ እግሬ ሳይገባ።

"ረሳ" አልኳት።

ፊቷ ወደቀ። ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። "ከዚያስ? ዘግቻለሁ ብሎ ተጣላ?"

"የለም። ዘግቼዋለሁ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አልዘጋህም አልኩት። ተመልሶ ዘጋና፣ ሄዶ ለሸሪኩ ረስቼ ነበር አለው።"

"ሸሪኩ አይቶት ነበር?"

"ማንም አላየውም።"

ቀና ብላ አየችኝ። "ማንም ሳያየው? ማንም ሳይጠይቀው፣ ራሱ?"

"ራሱ።"

ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ጮክ ብላ አለቀሰች። ሆስፒታል ሳምንታት ሲተኛ እንኳ እንዲህ ስታለቅስ አላየኋትም። "እሱ ነው፣ እማዬ" አለችኝ። "ባሌ ነው። ድሮም ያጠፋውን ሳልጠይቀው ይነግረኝ ነበር። መጣልኝ።" አጠገቧ ተቀመጥኩና አቀፍኳት። ትንሽ ቆይታ አፍንጫዋን ጠረገችና "እስቲ ምን እንዳለው ደግመሽ ንገሪኝ" አለችኝ። ደግሜ ነገርኳት።